«ሲስተም የለም» ሲባል ምን እንጠይቅ? የሶፍትዌር ንድፍን በሐሳብ ካርታ መማር

መግቢያ

«ሲስተም የለም።» በአገራችን ይህቺን ዓረፍተ ነገር ያልሰማ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ባንክ ብንሄድ፣ ወረዳ ብንሄድ፣ ትኬት ልንቆርጥ ብንሄድ አንድ ቀን ትገጥመናለች። ከመስኮቱ ወዲያ ያለው ሠራተኛ ትከሻውን ነቅነቅ ያደርጋል፤ እኛም «እሺ፣ ነገ እመለሳለሁ» ብለን እንሄዳለን። ሲስተም የሚባለው ነገር እንደ ዝናብ ሲፈልግ የሚመጣ፣ ሲፈልግ የሚቀር ይመስል ማን ሠራው? እንዴት ተሠራ? የተበላሸው የትኛው ክፍሉ ነው? ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ተራው ባለጉዳይ ባይጠይቅ አይፈረድበትም። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ግን ነገ መቅረጸ ድምፅ ይዘን እነዚህ መሥሪያ ቤቶች በር ላይ የምንቆም ነን። ደመወዝ፣ ግብር፣ የቤት ዕጣ፣ የፈተና ውጤት ሁሉ በሶፍትዌር ውስጥ እያለፈ ነው። ሶፍትዌር ከምን ከምን እንደሚሠራ ምንም የማያውቅ ሪፖርተር የሕዝብ ግንኙነት መግለጫ ተቀብሎ ከማንበብ የዘለለ ሥራ ሊሠራ አይችልም።

ታዲያ ጋዜጠኛው ሁሉ ፕሮግራመር ይሁን ማለት ነው? አይደለም። ኮድ መጻፍና ንድፍ መረዳት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህ ጽሑፍ የሶፍትዌር ንድፍን ዋና ዋና ጽንሰ ሐሳቦች ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ በሚጠይቅ መሣሪያ፣ ማለትም በሐሳብ ካርታ፣ እንዴት መማርና ማስተማር እንደሚቻል ለማስረዳት ይሞክራል። ምሳሌዎቹም ከሩቅ አገር ሳይሆን እዚሁ ከገላንና ከአካባቢዋ የተወሰዱ ናቸው።

ለመሆኑ የሐሳብ ካርታ ምንድን ነው?

የሐሳብ ካርታ፣ በተለምዶ ማይንድ ማፕ የሚባለው፣ አሠራሩ ቀላል ነው። በወረቀቱ መሐል አንድ ዋና ሐሳብ ይጻፋል። ከእሱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ መስመሮች ይወጣሉ፤ በእያንዳንዱ መስመር ላይ አንድ ወይም ሁለት ቃል ብቻ ይሰፍራል። ከቅርንጫፉ ደግሞ ሌላ ቅርንጫፍ ይወጣል። ስያሜውንና ደንቡን በዓለም ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው ቶኒ ቡዛን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1974 በቢቢሲ ቴሌቪዥን «ዩዝ ዩር ሄድ» በሚል ርዕስ ባቀረበው ተከታታይ ፕሮግራም ነው ብዙ ሰው ዘንድ የደረሰው። በመሐል አንድ ሥዕል፣ በቅርንጫፍ አንድ ቃል፣ ለየቅርንጫፉ የተለያየ ቀለም የሚሉት ደንቦች ከእሱ የመጡ ናቸው።

ሐሳብን በቅርንጫፍ መዘርዘሩ ግን ከቡዛን በፊት ነበረ። በ3ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ፈላስፋ ፖርፊሪ ነገሮችን ከጠቅላላ ወደ ዝርዝር እየከፈለ ያስተምር ነበር፤ ይህም ኋላ «የፖርፊሪ ዛፍ» ተብሎ ተስሏል። ወደ እኛ አገር ስንመጣም የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር አንዲት ኃይለ ቃል ይዞ «አንድም…» እያለ ፍቺዋን ሲደረድር ያው ቅርንጫፍ እያወጣ ነው። ልዩነቱ የእሱ ካርታ በወረቀት ላይ ሳይሆን በተማሪው ጭንቅላት ውስጥ መሳሉ ነው። ገላን የሚለው ስም ራሱ ከቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች የአንዱ ስም ነው። በዚህ አካባቢ የዘር ሐረጉን ወደ ላይ መቁጠር የሚችል ልጅ ማንም ሳያስተምረው ዛፍ መሳል ያውቃል ማለት ነው። ስለዚህ መሣሪያው ለእኛ እንግዳ አይደለም።

የሶፍትዌር ንድፍስ?

አንድ ሰው ቤት ሊሠራ ሲነሳ ብሎኬት ከመደርደሩ በፊት ፕላን ያስነድፋል። ሳሎኑ የት ነው? ውኃው በየት ይገባል? በኋላ ፎቅ ብጨምር መሠረቱ ይሸከማል ወይ? የሚሉት ጥያቄዎች የሚመለሱት በወረቀት ላይ ነው። ምክንያቱም በወረቀት ላይ ስህተትን ለማረም ላጲስ ይበቃል፤ ግንቡ ከቆመ በኋላ ግን ዶማ ያስፈልጋል። የሶፍትዌር ንድፍም እንዲሁ ነው። ፕሮግራሙ በየትኞቹ ክፍሎች ይከፈል? እያንዳንዱ ክፍል ምን ይሥራ? ክፍሎቹ እርስ በርስ እንዴት ይነጋገሩ? አንዱ ቢበላሽ ሌላው ምን ይሆናል? ብሎ ከኮዱ በፊት መወሰን ነው።

ይህን ለማስተማር በየኮሌጁ የተለመደው መንገድ ዩ.ኤም.ኤል. የሚባለው የሥዕል ቋንቋ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ዓለም አቀፍ መለኪያ ሆኖ ያገለግላል፤ ለባለሙያም ጠቃሚ ነው። ለጀማሪ ግን አንድ ችግር አለው። ተማሪው ሐሳቡን ከመያዙ በፊት የምልክቶቹን ትርጉም፣ ማለትም ይህኛው ቀስት ከዚያኛው በምን እንደሚለይ፣ መሸምደድ ይጀምራል። በዚያ ላይ መጽሐፉ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ውጤቱ ምን ይሆናል? «ኢንካፕሱሌሽን ምንድን ነው?» ሲባል ትርጉሙን ከነነጠላ ሰረዙ የሚወጣ፣ «እስቲ ለአንድ ሱቅ ሠርተህ አሳየን» ሲባል ግን ዝም የሚል ተማሪ እናገኛለን። የሐሳብ ካርታ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የሚሸመደድ ምልክት የለውም፤ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም መሳል ይቻላል፤ መብራት ቢጠፋም አይቆምም።

ምሳሌ፡- የፍጥነት መንገዱ ክፍያ

በገላን አጠገብ የሚያልፈውን የአዲስ አበባ - አዳማ የፍጥነት መንገድ ሁላችንም እናውቀዋለን። በ2006 ዓ.ም. ሲመረቅ ለአገሪቱ የመጀመሪያው የፍጥነት መንገድ ነበር፤ ርዝመቱም 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሥራ ሲጀምር አሠራሩ እንዲህ ነበር፦ ሾፌሩ ሲገባ ካርድ ይቀበላል፣ ሲወጣ ደግሞ እንደ መኪናው ዓይነትና እንደ ተጓዘው ርቀት ይከፍላል። ይህን አሠራር በእጃችን ላይ እንዳለ ሥራ ቆጥረን እኛ ራሳችን ብንነድፈውስ? (ከዚህ በታች ያለው ለማስተማሪያ የተዘጋጀ ነው እንጂ የድርጅቱ ትክክለኛ ሶፍትዌር ይህ ነው ማለት አይደለም።)

በወረቀቱ መሐል «የመንገድ ክፍያ» ብለን እንጽፍና አምስት ቅርንጫፍ እናወጣለን።

1. ማን? - ሾፌር፣ ካርድ ሰጪ፣ ገንዘብ ተቀባይ፣ ተቆጣጣሪ።

2. ምን? - መኪና፣ ካርድ፣ መግቢያ በር፣ መውጫ በር፣ ታሪፍ፣ ደረሰኝ።

3. ምን ይሠራል? - ካርድ መስጠት፣ ርቀት ማስላት፣ ሒሳብ መቀበል፣ በር መክፈት፣ የቀኑን ገቢ መደመር።

4. ደንቡ ምንድን ነው? - ያለ ካርድ መውጣት አይቻልም፤ ክፍያ በመኪና ዓይነትና በርቀት ነው፤ አንድ ካርድ ሁለት ጊዜ አይሠራም።

5. ቢበላሽስ? - ካርድ ቢጠፋ፣ መብራት ቢሄድ፣ ኔትወርክ ቢቋረጥ፣ መኪናው መሐል መንገድ ላይ ቢቆም።

ይህን ለመሙላት ለአንድ ክፍል ተማሪዎች ከሩብ ሰዓት በላይ አይፈጅም። አሁን ካርታውን እናንብበው። በሁለተኛው ቅርንጫፍ ላይ ያሉት በሙሉ ስሞች ናቸው፤ በሦስተኛው ላይ ያሉት ደግሞ ግሦች። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ራስል አቦት የተባለ የኮምፒዩተር ምሁር እ.ኤ.አ. በ1983 እንዳስረዳው፣ አንድን ሥራ በተራ ቋንቋ ጽፈን ስሞቹን ብናወጣ ለፕሮግራሙ ዕቃዎች፣ ግሦቹን ብናወጣ ደግሞ ለተግባሮቹ ጥሩ መነሻ እናገኛለን። ስምና ግስ መለየት ደግሞ ለእኛ ለቋንቋ ሰዎች የዕለት እንጀራችን ነው።

ከዚህችው ካርታ አራት ጽንሰ ሐሳቦችን ማስተማር ይቻላል።

ሀ. ማጠቃለል

«መኪና» ብለን ስንጽፍ ቀለሙን፣ የተሠራበትን ዓመት፣ የባለቤቱን ስም ትተናል። ለምን? ለክፍያው አያስፈልግማ! የሚያስፈልገን ዓይነቱና የገባበት በር ብቻ ነው። ለሥራው የማያስፈልገውን ጥሎ የሚያስፈልገውን ብቻ መያዝ በሶፍትዌር ቋንቋ አብስትራክሽን ይባላል። በዜና ውስጥ መሪ አንቀጽ ስንጽፍ የምናደርገውም ይኸው ነው። አደጋው ደግሞ ተመሳሳይ ነው፦ የሚያስፈልገውን ከጣልን ሥራው ይበላሻል።

ለ. መደበቅ

ከካርታው ላይ «ነገ ሊለወጥ የሚችለው የትኛው ነው?» ብለን ብንጠይቅ ተማሪው ሁሉ በአንድ ድምፅ «ታሪፍ!» ይላል። ታሪፉ በአሥር ቦታ ተበትኖ ከተጻፈ ዋጋ በተለወጠ ቁጥር አሥር ቦታ መነካካት ሊኖር ነው፤ አንዱ ከተረሳ ቱሉ ዲምቱ ላይ አንድ ዋጋ፣ አዳማ ላይ ሌላ ዋጋ ይሆናል። ስለዚህ ታሪፍ የራሱ ቤት ይኑረው፣ ሌላው ክፍል «ለዚህ መኪና፣ ለዚህ ርቀት ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቀው እንጂ ውስጡን አይይ። ዴቪድ ፓርናስ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ ያቀረበው ሐሳብ ይህ ነው፦ ፕሮግራምን ስትከፋፍል ሥራው በሚሄድበት ቅደም ተከተል ሳይሆን ሊለወጥ በሚችለው ውሳኔ ከፋፍል፣ እያንዳንዱም ክፍል አንድ ውሳኔ በጉያው ይደብቅ። በካርታው ላይ ሊለወጥ የሚችለውን ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ መክበብ ይህን ለማስተማር ይበቃል።

ሐ. ትስስር

አሁን ደግሞ ከአንዱ ቅርንጫፍ ወደ ሌላው የሚያገናኙ ነጠብጣብ መስመሮችን እንሳል። «ርቀት ማስላት» ካርዱን፣ መግቢያ በሩንና መውጫ በሩን ይፈልጋል። «ገቢ መደመር» ደረሰኙን ይፈልጋል። አንድ ቡድን «በር መክፈት»ን ከሁሉም ነገር ጋር ካገናኘው ካርታው የሸረሪት ድር ይመስላል። ያን ጊዜ መምህሩ «ኔትወርክ ቢቋረጥ በሩ ይከፈታል ወይስ መኪናው ተሰልፎ ይቀራል?» ብሎ ይጠይቅ። ላሪ ኮንስታንቲንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያስተማሩት ደንብ እዚህ ላይ ይገባል፦ በአንድ ክፍል ውስጥ ያለው ሁሉ አንድ ሥራ የሚሠራ ይሁን፣ በክፍሎች መካከል ያለው ትስስር ግን የላላ ይሁን። የነጠብጣብ መስመሩ ብዛት የትስስሩ መለኪያ ነው፤ በዓይን ይታያል።

መ. ውርስ

«መኪና» ከሚለው ሚኒባስ፣ አይሱዙ፣ ሲኖ፣ ቦቴ የሚሉ ቅርንጫፎች ይወጣሉ። ሁሉም የመኪናን ጠባይ ይወርሳሉ፣ የራሳቸውንም ይጨምራሉ። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቀደም ብለን የዘር ሐረግን ለምሳሌ አንስተን ነበር፤ ለዚህ ጽንሰ ሐሳብ ግን የዘር ሐረግ ያሳስታል። ልጅ ከአባቱ ይወርሳል እንጂ ልጅ የአባቱ ዓይነት አይደለም። በሶፍትዌር ውርስ ግን «ሲኖ መኪና ነው» ብለን ስንናገር ዓረፍተ ነገሩ እውነት መሆን አለበት። «ጎማ መኪና ነው» ካልን አይሆንም፤ ጎማ የመኪና ክፍል ነው እንጂ። ተማሪው በየቅርንጫፉ ላይ «ነው» ወይስ «አለው» የሚል ቃል እንዲጽፍ ማድረግ በየፈተናው የሚደጋገመውን መምታታት ያጠፋል።

አምስተኛው ቅርንጫፍ

ከአምስቱ ቅርንጫፎች ብዙ ጊዜ ባዶ ሆኖ የሚቀረው «ቢበላሽስ?» የሚለው ነው። ለጋዜጠኛ ግን ወፍራሙ ቅርንጫፍ እሱ ነው። ሁለት የምናውቃቸውን ጉዳዮች እንውሰድ።

የመጀመሪያው በየካምፓሱ የማይረሳው ነው። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊትና በማግሥቱ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። ባንኩ በኋላ እንዳስታወቀው በእነዚያ ሰዓታት ከ490 ሺህ በላይ ግብይቶች ተፈጽመዋል፤ ያለ አግባብ የወጣው ገንዘብም 801 ሚሊዮን ብር ያህል ነበር። ገንዘቡን ካወጡት መካከል ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለነበሩ ተቋሞቻቸው «የወሰዳችሁ መልሱ» የሚል ማስታወቂያ እስከ መለጠፍ ደርሰዋል። ምክንያቱ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን በሲስተሙ ላይ የተካሄደ የማሻሻልና የፍተሻ ሥራ እንደነበር ተገልጿል።

በወቅቱ በዶርምም በካፌም የተወራው ማን ስንት አወጣ የሚለው ነበር። ካርታ ይዘን ብንነሳ ግን የምንጠይቀው ሌላ ነው። ገንዘብ ማውጣት አራት ቅርንጫፍ አለው፦ ጥያቄ መቀበል፣ ቀሪ ሒሳብ ማየት፣ ከሒሳብ መቀነስ፣ ገንዘብ መስጠት። ደንቡም አንድ ነው፦ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሳይሳኩ አራተኛው አይፈጸም። «ቢበላሽስ?» በሚለው ሥር ደግሞ እነዚህ ጥያቄዎች ይሰለፋሉ። ማሻሻያው ሕዝብ የሚጠቀምበት ሲስተም ላይ ከመጫኑ በፊት የት ተሞከረ? ችግር ሲፈጠር ወደ ቀድሞው መመለሻ መንገድ ነበረው? ያልተለመደ የገንዘብ ፍሰት ሲታይ ደወል የሚያሰማው ማን ነው? በሌሊት አገልግሎቱን የማቆም ሥልጣን ያለውስ? እነዚህ የኮድ ጥያቄዎች አይደሉም፤ የንድፍ ጥያቄዎች ናቸው። ማንኛውም ሪፖርተር ሊጠይቃቸው ይችላል።

ሁለተኛው የኮንዶሚኒየም ዕጣ ነው። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ25 ሺህ በላይ ቤቶችን በኮምፒዩተር ዕጣ አወጣ። ብዙ ዓመት ከቆጠቡት ሰዎች ዕድለኞቹ እልል ብለው ሳያበቁ፣ በቀናት ውስጥ ዕጣው መሰረዙ ተነገረ፤ በዝርዝሩ ውስጥ ለዕጣው ብቁ ያልሆኑ ሰዎች ስም መካተቱ በማጣራት ተገኝቷል ተባለ። ዕጣው እንደገና የወጣው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው።

ይህ ጉዳይ አንድ ትልቅ ትምህርት አለው። «ዕጣው በኮምፒዩተር ነው የወጣው» ሲባል ሁላችንም የምናስበው ስለ ማሽከርከሩ ብቻ ነው። የካርታው መሐል «የቤት ዕጣ» ከሆነ ግን ማሽከርከሩ ከብዙ ቅርንጫፎች አንዱ ነው። ሌላው ቅርንጫፍ «ስሞቹ ከየት መጡ?» የሚለው ነው፦ ከቁጠባው ባንክ ወደ ሲስተሙ ማን አሸጋገራቸው? በመሐል ማን መንካት ይችላል? የተላከው ቁጥርና የገባው ቁጥር እኩል መሆኑን ማን አመሳከረ? ማሽከርከሩ ፍጹም ትክክል ቢሆን እንኳ የገባው ዝርዝር ከተበላሸ የሚወጣው ውጤት የተበላሸ ነው። ከዕጣው በፊት ይህን ካርታ የሳለ ጋዜጠኛ በሥነ ሥርዓቱ ላይ ከማጨብጨብ ይልቅ የሚጠይቀው አያጣም ነበር።

በክፍል ውስጥ እንዴት እንጠቀምበት?

አንድ ክፍለ ጊዜ እንደሚከተለው ቢከፋፈል ይሠራል።

በመጀመሪያ መምህሩ ተማሪው በየቀኑ የሚያየውን አንድ አሠራር ይምረጥ። የታክሲ ወረፋ፣ የቤተ መጻሕፍት ውሰት፣ የካፌ ሜኑና የምግብ ካርድ ሁሉ ይሆናል። የማያውቀውን አገር የአየር መንገድ ቲኬት አሠራር ማምጣት ሁለት ትምህርት በአንድ ጊዜ መጫን ነው።

ቀጥሎ ተማሪዎች አራት አራት ሆነው ትልቅ ወረቀት ላይ ይሳሉ። ፍሊፕ ቻርት ከሌለ የአሮጌ ካላንደር ጀርባ ይበቃል። ቃሉ በሚቀናቸው ቋንቋ ይሁን። ገላን፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ውስጥ አማርኛና አፋን ኦሮሞ በአንድ ክፍል ውስጥ መሰማታቸው የተለመደ ነው። አንዱ ቡድን «ደረሰኝ» ቢል ሌላው በአፋን ኦሮሞ ቢጽፍ ንድፉ አይለወጥም። የእንግሊዝኛው ስያሜ ሐሳቡ ከገባ በኋላ ይለጠፍበት።

ከዚያ ቡድኖቹ ወረቀት ይለዋወጡ። የአንዱን ካርታ ሌላው ቡድን ይዞ «ታሪፉ ቢለወጥስ? መብራት ቢሄድስ?» እያለ ይፈትነው። ቅርንጫፍ የጎደለው የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው።

በመጨረሻም ካርታው ወደ ዩ.ኤም.ኤል. ወይም ወደ ኮድ ይሻገር። ይህ እርምጃ ከተዘለለ ሥራው የሥዕል ትምህርት ሆኖ ይቀራል። በኮምፒዩተር መሥራት ለሚፈልግ ፍሪማይንድ እና ፍሪፕሌን የሚባሉ በነፃ የሚገኙ ፕሮግራሞች አሉ።

ጉዳዩ ለኮምፒዩተር ዲፓርትመንት ብቻ የሚተው አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር «5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች» የተባለ የሦስት ዓመት የኦንላይን ሥልጠና ሲጀምር ለማንኛውም ወጣት ክፍት አድርጎት ነበር። ትምህርቶቹ ዌብ ፕሮግራሚንግን፣ አንድሮይድን፣ ዳታ ሳይንስንና አርቴፊሻል ኢንተለጀንስን ያካትታሉ። ይህን ዓይነት ኮርስ ለሚጀምር ሰው ከቪዲዮው በፊት አንድ ካርታ መሳል ብዙ መንገድ ያሳጥርለታል።

ጥናት ምን ይላል? ገደቡስ የት ነው?

የሐሳብ ካርታ ተአምር ይሠራል ብሎ ማለት ግን አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2002 በእንግሊዝ አገር 50 የሕክምና ተማሪዎች ላይ የተሠራ አንድ ጥናት፣ በካርታ ያጠኑት ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ ያነበቡትን ይበልጥ እንደሚያስታውሱ አሳይቷል፤ ሆኖም በለመዱት ዘዴ ካጠኑት ይልቅ ተነሳሽነታቸው ዝቅ ያለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ የካርፒኪና የብለንት ጥናት ደግሞ ጽሑፉን ገልጠው የፅንሰ ሐሳብ ካርታ ከሚሠሩት ይልቅ፣ ጽሑፉን ዘግተው ያነበቡትን ለማስታወስ የሚታገሉት የተሻለ እንደሚማሩ አሳየ። ከሁለቱ የምናገኘው ምክር ግልጽ ነው፦ ካርታውን ደብተር ዘግቶ ከጭንቅላት መሳል፣ ከዚያ ከፍቶ የጎደለውን በሌላ ቀለም መሙላት።

ሌላው ገደብ ከቅርጹ የሚመጣ ነው። የሐሳብ ካርታ ዛፍ ነው፤ በዛፍ ላይ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ አንድ ግንድ ብቻ አለው። እውነተኛው ዓለም ግን እንዲህ አይደለም። እስቲ ገላንን በካርታ ላይ እናስቀምጣት። በአስተዳደር ካየናት በ2015 ዓ.ም. ከተመሠረተችው ከሸገር ከተማ ሥር ትገባለች። በመንገድ ካየናት ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው መስመር ላይ ናት። በሠራተኛዋ ካየናት ጠዋት ወደ ቃሊቲና ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ እሷ በሚመላለሰው ታክሲ ውስጥ ናት። በስሟ ካየናት ከቱለማ ሐረግ ናት። ታዲያ የየትኛው ቅርንጫፍ ናት? የሁሉም።

ይህን ነጥብ አስቀድሞ ያነሳው ክሪስቶፈር አሌክሳንደር የተባለ የሥነ ሕንፃ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 «ከተማ ዛፍ አይደለችም» የሚል ትርጉም ያለው ርዕስ ሰጥቶ ባሳተመው ጽሑፍ፣ ከተማን እንደ ዛፍ ከፋፍለው የሚነድፉ ባለሙያዎች ሰው የሚኖርበትን መደራረብ እንደሚያጠፉ ተከራከረ። የሚገርመው ይኸው ሰው በኋላ በ1977 ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው የሕንፃ ንድፍ መጽሐፍ የሶፍትዌር ሰዎችን ማርኮ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ኤሪክ ጋማና ሦስት ጓደኞቹ ላወጡት «ዲዛይን ፓተርንስ» ለተባለው መጽሐፍ መነሻ መሆኑ ነው። ከተማም ሶፍትዌርም አንድ ችግር አለባቸው ማለት ነው፦ ክፍሎቻቸው ይደራረባሉ።

ስለዚህ በካርታችን ላይ ነጠብጣብ መስመሮቹን አንርሳ። የነጠብጣብ መስመሩ ከቅርንጫፉ ሲበዛ ዛፉን ትተን ሌላ ዓይነት ሥዕል የምንፈልግበት ጊዜ ደርሷል። ለምሳሌ ጆሴፍ ኖቫክ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያስፋፋው የፅንሰ ሐሳብ ካርታ በየመስመሩ ላይ «ይጠይቃል»፣ «ይልካል»፣ «ይይዛል» የሚል ግስ ስለሚያስጽፍ ለዚህ ደረጃ ይሻላል። የሐሳብ ካርታ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ መሣሪያ ነው፣ የመጨረሻው አይደለም።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ባጭሩ ለማለት የተፈለገው ይህ ነው። ሶፍትዌር ከሰማይ አይወርድም፤ ሰው ቁጭ ብሎ፣ ይህ እዚህ ይሁን፣ ያ እዚያ ይሁን እያለ የሚወስነው ሥራ ነው። ሰው የወሰነውን ደግሞ ሰው ሊጠይቀው ይችላል። አምስቱን ቅርንጫፎች፣ ማን፣ ምን፣ ምን ይሠራል፣ ደንቡ ምንድን ነው፣ ቢበላሽስ የሚሉትን፣ በማስታወሻ ደብተሩ ጥግ ላይ መሳል የለመደ ተማሪ የፕሮግራሚንግ ኮርስ ቢወስድ ይቀለዋል፤ ባይወስድም «ሲስተም የለም» ሲባል «እሺ» ብሎ አይመለስም። «የትኛው ክፍሉ? ከመቼ ጀምሮ? በማን ውሳኔ?» ብሎ ይጠይቃል።

መምህሮቻችንም በሪፖርቲንግ ኮርስ ውስጥ አንድ ክፍለ ጊዜ ለዚህ ቢሰጡን፣ ከኮምፒዩተር ዲፓርትመንት ተማሪዎች ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢያስቀምጡን፣ እነሱ ጥያቄ መጠየቅን ከእኛ፣ እኛም ክፍል ከክፍል መለየትን ከእነሱ እንማር ነበር። የሚያስፈልገው የአሮጌ ካላንደር ጀርባና ሁለት ቀለም እስክሪብቶ ብቻ ነው።

ቸር ይግጠመን!